ብሎ

መርካቶ ውስጥ «እንብላ» የተባለ ሁሉ ቁጭ ብሎ ቢበላ ኖሮ የነጋዴው ምሳ ገና ሳይጀመር ባለቀ ነበር። ከበርበሬ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ፣ ከአንዋር መስጊድ ዙሪያ እስከ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጥር ድረስ፣ የምሳ ሣህኑን ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ሰው በአጠገቡ ለሚያልፈው «እንብላ» ይላል፤ አላፊውም «ብሩክ ይሁን» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ጋባዡ አላፊው እንደማይበላ ያውቃል። ተጋባዡም ጋባዡ ይህን እንደሚያውቅ ያውቃል። ባይጋበዝ ግን ቅር ይለዋል። «እንብላ» አንዲት ቃል ናት፤ ሆኖም በዚያች ቅጽበት ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንዱ የሌላውን ልብ ገልጦ፣ አንብቦ፣ መልሶ ከድኖ ያልፋል። ይህን ንባብ ማን እንዳስተማረው የሚያስታውስ ሰው ከመካከላችን ይኖር ይሆን?

የእኅቴ ልጅ «እንብላ» ሲባል ይበላል።

ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት። እኅቴ መርካቶ ውስጥ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀሪካንና የምግብ መያዣ የምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ አላት። ልጁ የሚማረው ግማሽ ቀን ስለሆነ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሱቁ በር ላይ በተገለበጠ ባልዲ ተቀምጦ ክዳኖችን በየቀለማቸው ሲደረድር ይውላል። እኔ የምሠራበት የባንክ ቅርንጫፍ ከዚያ የዐሥር ደቂቃ መንገድ ነውና ምሳዬን ብዙ ጊዜ ከእነርሱ ጋር እበላለሁ። የአካባቢው ተሸካሚዎች ልጁን ለምደውታል፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ «እንብላ» ካሉ በኋላ ቦታ ይለቁለታል። የማይለምዱት አሉ፤ «ባለጌ» የሚሉት። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ከእነዚያ ምሳዎች ይዤ እነሣለሁ፤ ይህ ልጅ በሌላ ሰው ልብ ውስጥ ያለውን ነገር በየት በኩል ይደርስበታል?

አማርኛችን ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ደልዳላ መንገድ አይደለም። የምንወደውን ሰው የምናባብለው በሞታችን እየማልን ነው። «በሞቴ፣ ይህችን ብቻ!»፣ «አፈር ስሆን!»፣ «እኔ ልሙትልህ!» ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሳለ እናታችን ጉርሻ ይዛ «በሞቴ» ስትለው ያለቀሰው ልቅሶ አሁን ድረስ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጎረቤቶች «ጠግቦ ነው» አሉ። እርሱ ግን ሦስት ቀን ሙሉ «እማማ መቼ ነው የምትሞተው?» ሲል ከረመ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዲት ደንበኛ በደግነት ራሱን እየዳበሰች «አንጀቴን በላኸው እኮ!» ብትለው፣ በፍጹም ጨዋነት «አልበላሁም» አላት። ምን ይመልስ? ያልበላውን በላህ ተብሏል።

ደግሞስ የልባችን ማደሪያ የት ነው? ሆድ! ሆዴ ባባ እንላለን፤ ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ እንላለን፤ ሲከፋን ሆድ ይፍጀው ብለን እንዘጋዋለን። ሐሳባችንን ሁሉ እዚያ አጭቀን፣ ክዳኑን ገጥመን፣ አፋችንን ለሰላምታ እናስቀራለን። እኔም ማታ ማታ ስንኝ የምቋጥር ሰው ነኝና በዚህ ስኮራ ኖሬአለሁ። ሰምና ወርቅ የቅኔያችን ብቻ ሳይሆን የአኗኗራችንም ጌጥ ነው ሲባል ደስ ይለኛል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ አማራ ባህል የጻፈውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ መሰየሙም ያለ ነገር አልነበረም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ቅኔ የሚሠራው አድማጩ «ይህ ሰው ምን እንዳስብለት ፈልጎ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ሰሙን ሰም ብሎ ለሚቀበል ልጅ ግን አገሩ በሙሉ የተዘጋ ቅኔ ይሆንበታል፤ ፈቺ የሌለው።

ነገሩን የሳይንስ ሰዎች ከእኛ ቀድመው ጠይቀውታል። ኦቲዝምን ዛሬ በምናውቀው መልኩ ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀው ሊዮ ካነር በ1943 ስለ 11 ልጆች ሲጽፍ፣ «አንተ» እና «እኔ» የሚለዋወጡባቸው መሆናቸውን መዝግቦ ነበር። ይህን ሳነብ የእኅቴ ልጅ ታወሰኝ። ሲጠማው «ትጠጣለህ?» ይል ነበር። የሰማው እንደዚያ ነዋ! ውኃ ከመምጣቱ በፊት ሁልጊዜ የሚሰማው ድምፅ «ትጠጣለህ?» የሚለው ነው፤ ያንን ድምፅ አወጣ። «ልጠጣ» ለማለት ግን ቃሉ ከተናጋሪው ወገን ሲሆን መልኩ እንደሚለወጥ ማወቅ ይጠይቃል፤ ይኸውም ከሌላው ዓይን መቆም ነው።

በ1978 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ስለ አንዲት ዝንጀሮ መሰል ቺምፓንዚ ጠየቁ፤ የሌላውን ሐሳብና ፍላጎት መገመት ትችላለች ወይ? በ1983 ዊመርና ፐርነር የተባሉ ሁለት ሰዎች ጥያቄውን ወደ ሕፃናት አመጡት። ከዚያ በ1985 ሳይመን ባረን-ኮሄን፣ አለን ሌዝሊና ኡታ ፍሪት ለንደን ውስጥ ያደረጉት ሙከራ ዝነኛ ሆነ። ሁለት አሻንጉሊቶች አሉ፤ ሳሊና አን። ሳሊ ብይዋን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጣ ትወጣለች። አን ብይዋን አውጥታ ሣጥን ውስጥ ትደብቃለች። ሳሊ ስትመለስ ብይዋን የት ትፈልጋለች? አራት ዓመት የሞላው ልጅ ብዙውን ጊዜ «ቅርጫቱ ውስጥ» ይላል፤ ሳሊ ያላየችውን አታውቅምና። ሙከራውን ከወሰዱት 20 ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች 16ቱ «ሣጥኑ ውስጥ» አሉ። ብይዋ ያለችው እዚያ ነው፤ እነርሱ ያውቃሉ፤ እነርሱ ካወቁ ሳሊስ ለምን አታውቅም?

ከዚህ ተነሥቶ «የሰውን ልብ የማያዩ ልጆች» የሚል ወሬ በዓለም ዞረ። እኔ ግን የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ሒሳብ ሲዘጋ ቀሪው የት ሄደ ብዬ እጠይቃለሁ። አራቱስ? ከሃያዎቹ አራቱ ልክ መልሰዋል። እነርሱ በየት በኩል ገቡ?

ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች ለእኔ ከዋናው ሙከራ ይበልጥ ይጣፍጡኛል፤ ስለ መድረስ የሚናገሩ ናቸውና። ፍራንቼስካ ሃፔ በ1995 የብዙ ልጆችን ውጤት ሰብስባ ስታይ፣ ሌሎች ልጆች አራት ዓመት ገደማ ላይ የሚያልፉትን ፈተና ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የቋንቋ ችሎታቸው የዘጠኝ ዓመት ልጅን ያህል ሲደርስ ያልፉታል። ዘግይተው ይደርሳሉ፤ የሚደርሱትም ቃል ተሸክመው ነው። በአውስትራሊያ እንደዚሁ በ1995 መስማት የተሳናቸው ልጆች በዚያው ፈተና ሲዘገዩ ታዩ። የሚዘገዩት ግን የእጅ ምልክት ቋንቋ የማይችሉ ወላጆች ያሏቸው ናቸው፤ መስማት ከተሳናቸው ወላጆች ተወልደው ከጨቅላነታቸው በምልክት ሲጨዋወቱ ያደጉት አይዘገዩም። ቤቱ ውስጥ ስለ ሰው ሐሳብ ወሬ ካለ ልጁ ስለ ሰው ሐሳብ ያውቃል። ከሌለ ከየት ያምጣው?

ሄለን ታገር-ፍሉስበርግና ሮበርት ጆሴፍ በ2005 ያሳተሙት ደግሞ እኔን ከወንበሬ ያስነሣኝ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ሳሊን እንዲረዱ ከሁሉ ይልቅ የሚያግዛቸው የትኛው የቋንቋ ችሎታ እንደሆነ ሲመረምሩ፣ «አሰበች» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ይልቅ «እንዲህ አለች» የሚለው ሆኖ አገኙት። ሰው የተናገረው ነገር ከእውነቱ ሊለይ ይችላል። ይህን ልጁ በጆሮው ይሰማዋል፤ «ዝናብ የለም» ሲባል ይሰማል፣ ዝናቡን ደግሞ በዓይኑ ያያል። ሐሳብ ግን አይታይም፣ አይሰማም። ስለዚህ በተባለው በኩል አድርጎ ወደ ታሰበው ይሻገራል።

አንባቢ ሆይ፣ አሁን አማርኛችንን ተመልከት። ከላይ ጠማማ ብዬ ያማሁት አማርኛ!

«ዝናብ ይመጣል ብዬ ጃንጥላ ያዝሁ።» ለማን አልሁ? ለማንም። «ሌባ ነው ብለው አባረሩት።» «ይመለሳል ብላ በሩን ሳትዘጋ አደረች።» በአማርኛ ማሰብ ማለት ነው፤ በሆድ ውስጥ ማለት። ሳሊ አማርኛ ተናጋሪ ብትሆን ኖሮ ታሪኳ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ ብይዋ ቅርጫቱ ውስጥ አለች ብላ እዚያ ፈለገቻት። ሌሎች ቋንቋዎች በሁለት የሚከፍሉትን እኛ በአንዲት «ብሎ» እናስተሳስረዋለን። የሚሰማውን አባባልና የማይሰማውን እምነት አንድ ቃል ተሸክሞ ይዞራል። ይህ የአንድ ስንኝ ወዳድ ግምት እንጂ የሳይንቲስት ቃል አይደለም፤ ነገር ግን ለእንዲህ ያለ ልጅ አማርኛ ሳያስበው አንድ በር ገርበብ አድርጎ የተወለት ይመስለኛል።

ሌላም ገርበብ ያለ በር አለ። «መሰለው» የሚለው ቃላችንና «ምስል» ከአንድ ሥር ናቸው። በ1996 እንግሊዝ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች «በሰው ጭንቅላት ውስጥ እንደ ፎቶግራፍ ያለ ነገር አለ፤ ዓይኑ ያየውን ያነሣል፣ ያላየውን አያነሣም» ብለው ሲያስተምሩ፣ ልጆቹ የሳሊን ዓይነት ጥያቄ መመለስ ቻሉ። የእኛ ቋንቋ ይህን ትምህርት በአንድ ግሥ ይዞት ኖሯል። የእኅቴ ልጅ ግን «መሰለኝ» የምትለውን እስከ ዛሬ አይወዳትም። «አልመሰለኝም፣ ነው» ይላል።

ወደ ሱቁ ልመለስ፤ ነገሩ የከበደው እዚያ ነውና።

መርካቶ የምትኖረው ገዢው ሻጩ ዕቃውን በስንት እንዳመጣው ባለማወቁ ነው። አንድ ቀን አንዲት ሴት ትልቅ ሳፋ አንሥታ «ስንት ነው?» አለች። እኅቴ «450» አለች። «ኧረ ቀንሺ፣ እመቤቴ።» «በእውነት ከመጣበት ዋጋ ነው የምሰጥሽ።» ልጁ ክዳኑን እየደረደረ ቀና ሳይል «በ320 ነው የመጣው» አለ። ሴትዮዋ ሳቀች፤ ሳፋውን በ330 ይዛ ሄደች። በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ልጁ ተንኮል የለውም። እርሱ ያወቀውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋልና ሴትዮዋም 320 መሆኑን ታውቃለች፤ እናቱ ቁጥር ተሳስታለች፤ አረማት። በዚህ ላይ እርሱ የተናገረው እውነቱን መሆኑ ነገሩን ለመገሠጽ እንኳ አስቸጋሪ ያደርገዋል።

ለእኅቴ ጉዳዩ የሳይንስ አልነበረም። የሱቁ ኪራይ ይጠብቃታል፤ ዕቁቡ ይጠብቃታል። ጎረቤት ነጋዴዎች በቅንነት ጭምር «ቤት ይዋል» አሏት። ቤት መዋል ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጠዋት ከውጭ የሚቆለፍ፣ ማታ የሚከፈት አንድ ክፍል። በዚህች ከተማ በስንቱ ግቢ እንዲህ ያለ ክፍል ይኖራል! ልጁ የሌላውን ሰው አለማወቅ ካላወቀ ያ ክፍል ይጠብቀዋል።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ሴት ካልተናገርሁ ነገሩ ጎደሎ ይሆናል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በወጣትነታቸው ከአገር ወጥተው ጣሊያንና አሜሪካ ኖረው፣ ተመልሰው አዲስ አበባ ውስጥ የውበት ሙያ ማስተማሪያ ትምህርት ቤት የከፈቱ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት፤ እርሱን የሚቀበል ትምህርት ቤት ፈልገው ሲያጡ በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በአገራችን የመጀመሪያው ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ብዙው ሰው የእንዲህ ያለውን ልጅ ነገር እርግማን ነው፣ የወላጅ ኃጢአት ነው ይል ነበር፤ የሚለው ዛሬም አለ። እርሳቸው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ቀርበው «የእኔ ልጅ» እያሉ ተናገሩ። በሆድ ይያዝ የተባለውን በአፍ አወጡት። በፊደላችን ድምፆች ላይ ተመሥርተው መናገር ላልቻሉ ልጆች «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ ማስተማሪያም ቀምረዋል። በ2021 ዐርፈዋል። ከእርሳቸው በኋላ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን የመሰሉ ቦታዎች ተከፍተዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠናም በኢትዮጵያውያንና በውጭ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም መካከል በቤተልሔም ተኮላና በሮዛ ሁክስትራ ጥረት፣ ለአገራችን እንዲስማማ ተደርጎ ተሞክሯል። ከሥልጠናው ትምህርት አንዱ ቀላል ነው፤ ልጁ ወደሚያየው ነገር ዝቅ በል፣ አሳየው፣ በአጭሩም ተናገር።

እኅቴ ወደ ማዕከል የሚያደርስ ወረፋም ሆነ አቅም አላገኘችም። ያላት አፏ ነው። እናም ማውራት ጀመረች። ዝም ባይነቷ በቤተሰቡ የታወቀ ሴት፣ ሆዷን እንደ ሱቅ መዝጊያ ከፍ አድርጋ ከፈተችው። «አሁን ተናድጃለሁ። በአንተ አይደለም። ዕቁቡ ዛሬ ይወጣልኛል ብዬ ነበር፤ ለሌላ ሰው ወጣ።» «ያ ሰውዬ የቆመው ሱቃችን ገና አልተከፈተም ብሎ ነው።» «እሷ ሳፋው በስንት እንደመጣ አላየችም። አንተ አይተሃል፣ እኔ አይቻለሁ። እሷ በ200 ይሰጡኛል ብላ መጣች፤ እኔ ደግሞ 450 ትከፍላለች ብዬ ጠራሁ። መሐል ላይ እንገናኛለን።» ከጧት እስከ ማታ እንዲህ ነው። ጎረቤቶቿ «ይቺ ሴት ለብቻዋ ማውራት ጀመረች» አሉ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ስሰማት፣ ንግድ ምን ያህል ስለ ሌላው ልብ የሚደረግ ድርሰት እንደሆነ ገባኝ። በባንኩ መስኮት በኩል በየቀኑ የማየው ያው ነው። አንዱ ብሩን ሲቆጥር እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ለሐዘን ነው፣ ለሠርግ ነው፣ ለደላላ ነው እያልሁ እገምታለሁ። መስተዋቱ ግን በመሐላችን አለ፤ ማንም ምንም አይለኝም።

የልጁ እድገት እንደ መሰላል ቀጥ ብሎ አልወጣም። መጀመሪያ የመጣው ማንም ያልጠበቀው ነው። አንድ ደንበኛ እኅቴን ሰድቧት ሄደ፤ ቀጥላ የመጣችውን ሴት ግን በፈገግታ ተቀበለቻት። ልጁ አየት አደረጋትና «ፊትሽ ስቋል፤ ሆድሽ አልሳቀም» አላት። ይህ ሲሆን የዋጋው ነገር ገና አልገባውም ነበር፤ አሁንም «በ320 ነው» እያለ ነበር። ሌላው ልጅ ሰው ያላየውን እንደማያውቅ በመጀመሪያ ይረዳል፣ ፊትና ስሜት መለያየታቸውን ዘግየት ብሎ ይደርስበታል፤ ይኼኛው ግን ከላይኛው ደረጃ ጀመረ። ካንዲዳ ፒተርሰንና ሄንሪ ዌልማን ከባልደረባቸው ጋር በ2005 ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ሲያጠኑ ያገኙትም ይኸው ነው፤ እነዚህ ልጆች የተደበቀ ስሜትን የሚረዱት የሳሊን ዓይነት የተሳሳተ እምነት ከመረዳታቸው በፊት ነው፤ በሌሎቹ ልጆች ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ ዘገየ ብቻ ማለት አይበቃም። መንገዱ ራሱ ሌላ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ጥያቄ ይዞ ብቅ አለ። ደንበኛ ፊት ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እማዬ፣ 320 የአፍ ነው የሆድ?» አላት። ደንበኛዋ ከት ብላ ሳቀች። እኅቴ ግን ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ ምክንያቱም ጥያቄው ውስጥ አንድ አዲስ ነገር አለ። ልጁ ቁጥሩን ሌላው ሰው ላያውቀው እንደሚችል ደርሶበታል። መደበቁን ገና አልቻለበትም፤ የሚደበቅ ነገር መኖሩን ግን ዐውቋል። ለጥቂት ወራት ሁሉን ነገር በዚህ መዝገብ ሲከፋፍል ሰነበተ። የአባቱ ደመወዝ የሆድ፤ የእማማ ዕድሜ የሆድ፤ የእኔ ግጥም... እርሱን «የአፍ ነው፣ ግን ማንም አይሰማውም» አለ። ማን እንደነገረው አላውቅም።

አንድ ተሸካሚ አለ፤ ገመዱን ሁልጊዜ ከሱቁ ደጃፍ ካለው የጀሪካን ቁልል ሥር አስቀምጦ ሻይ ይጠጣል። አንድ ከሰዓት በኋላ እኅቴ ደጃፉን ልታጥብ ገመዱን አንሥታ ወደ ውስጥ አስገባችው። ሰውየው ተመለሰ፤ ጎንበስ ብሎ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ማንቀሳቀስ ጀመረ። እኔ አፌን ልከፍት ስል ልጁ ቀደመኝ። ሰውየውን አላየውም፤ ክዳኖቹን ነው የሚያየው። ለራሱ እንደሚያነበንብ ሆኖ፣ «እዚያ አለ ብሎ ነው። ገመዱ ውስጥ ነው። እዚያ አለ ብሎ ነው» አለ። ተነሥቶም ገመዱን አምጥቶ ሰጠው።

ተሸካሚው «ተባረክ» አለው። ምን እንደሆነ ሳያውቅ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ አውቶቡስ ተራ አቅጣጫ ሄደ። እኅቴና እኔ ተያየን፤ ምንም አላልንም።

አንድ ነገር ሳይነገር እንዲቀር አልፈልግም። እስካሁን ስለ ልጁ መምጣት ብቻ ተናገርሁ፤ እኛስ ወደ እርሱ ምን ያህል ሄደናል? ራሱ ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊ ምሁር ዴሚየን ሚልተን በ2012 እንዳለው፣ አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው፤ እነርሱ የእኛን ልብ ማንበብ እንደሚቸገሩ እኛም የእነርሱን እናነባለን ማለት ዘበት ነው። በ2020 ካትሪን ክሮምፕተንና ባልደረቦችዋ ሰዎች አንድን ታሪክ በቅብብሎሽ እንዲናገሩ አድርገው ሲፈትኑ፣ ኦቲዝም ያለባቸው እርስ በርሳቸው ሲቀባበሉ ታሪኩን የሌላቸው ሰዎች እርስ በርስ ሲቀባበሉት ያህል ጠብቀው አሻገሩት። ታሪኩ ይበልጥ የሳሳው ሁለቱ ወገኖች ሲደባለቁ ነው። «በሞቴ» ሲባል ያለቀሰውን ልጅ «ጠግቦ ነው» ያሉት ጎረቤቶች ዕውቀት አጥተው አይደለም፤ ልቅሶው ከየት እንደመጣ ለመገመት ከእርሱ ወንበር ላይ መቀመጥ ነበረባቸው። የሰሙን ነገር እንዳለ የሚያምን ሰው ዘንድ ሆኖ ማየት ለእኛም ከባድ ትምህርት ነው። ቅኔ ያደገባት አገር ልጆች ሰም ብቻ የሆነ ንግግር ስንሰማ ወርቁን እየፈለግን እንደክማለን።

ልጁ አሁንም ሱቅ ይውላል። ዋጋ ሲጠየቅ «እማዬን ጠይቂ» ይላል፤ ይህን ያስተማረችው እርሷ ናት፣ በቃልም አስጠንታዋለች። አንዳንዴ ይረሳና 320ው ያመልጠዋል፤ ያን ቀን ትርፍ የለም። ሲያድግስ? ጺም አውጥቶ የማያውቀው ሰው ሣህን ዘንድ ቁጭ ሲልስ? እኅቴ ማታ ማታ ይህን እያሰበች እንቅልፍ ታጣለች፤ ትነግረኛለችም፤ አሁን ሁሉን ነገር መናገር ለምዶባት።

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ወጥቼ ስደርስ ቀና ሳይል «ጋሼ፣ ምን ብለህ መጣህ?» አለኝ። የለመደ ሰው እንዲህ ሲል ሰላምታ ነው፣ ወይም ተረብ ነው። እርሱ ግን መልስ ይጠብቅ ነበር፤ ሰማያዊ ክዳን በእጁ ይዞ እስክናገር ቆመ።

«ላይህ ብዬ» አልሁት።

ክዳኑን ከቢጤዎቹ ጋር አስቀመጠው። «አየኸኝ» አለ፤ ወደ ቀዮቹም ተሻገረ።